ኮሮላ ዲኤክስ (4ኬ ሞተር) ለዕለት ሥራ፦ በሊትር 7 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ ከየት ልጀምር?

ባለ_ዲኤክስ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ኬኢ70 ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ሞተሯ 4ኬ ባለ ካርቡራተር፣ እሳቷ በፑንቲና (ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ኮረንቲውን በሚያቋርጠው)፣ ካምቢዮዋ ባለ 4 ማርሽ። ሥራዋ አዲስ አበባ ውስጥ በቀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። በሊትር 7 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትሄዳለች። ጠዋት ጥቁር ጭስ አላት፣ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ ቆማ ስትሠራ) ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ላይ ሁለተኛ ካልገባ አትስብም። ዘይት አትበላም።

አንድ ጋራዥ ኮምፕረሽን ተለክቶ ከ1 እስከ 4 ሲሊንደር 125፣ 122፣ 127፣ 124 ፒኤስአይ ወጣ። «ሞተሩ ደክሟል፣ ፋሻና ብሮንዚን (የፒስተን ቀለበትና የክራንክ ማረፊያ) ይቀየር፣ ይውረድ» ተባለ። ከማስወረዴ በፊት ምን ልመልከት? በጀቱ ውስን ነው፤ ቁልፍና ካቻቢቴ መያዝ ግን አያቅተኝም።


ካንዴላ

ሞተሩን እንዳታስወርድ። የፈረዱበት በባሕር ጠለል መለኪያ ነው።

የ4ኬ የፋብሪካ ኮምፕረሽን ከ156 እስከ 178 ፒኤስአይ ነው፣ ወለሉ 128። የፋብሪካው መጽሐፍ ይህን ሲል ባሕር ዳርቻ ላይ ለተለካ ሞተር ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ 76 በመቶ ገደማ ነው። ሲሊንደሩ ገና ሲጀምር የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ጨምቆ የሚያወጣው ግፊትም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ የመጽሐፉን ቁጥር በ0.76 አባዛ፦ ጤነኛ 4ኬ አዲስ አበባ ላይ ከ118 እስከ 135 ያሳያል፣ ወለሉ 97 ነው። ያንተ ከ122 እስከ 127፣ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት 5 ብቻ። እስከ 14 ልዩነት ይፈቀዳል። ዘይት አለመብላቷም ይህንኑ ይመሰክራል።

ለወደፊቱ ስታስለካ ደግሞ አራት ነገር አስተውል። ሞተሩ ይሙቅ። አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ አንዱ ብቻ አይደለም። የኮይሉ ገመድ ይነቀል። የቤንዚን ፔዳሉ እስከ ወለል ተረግጦ ይያዝ፤ ካልተረገጠ ስሮትሉ ዝግ ስለሆነ አየር አይገባም፣ የማይታመን ዝቅተኛ ቁጥር ይወጣል። ሞተሪኖው 5 ወይም 6 ዙር ያዙር። አንዱ ሲሊንደር ብቻውን ከወረደ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረህ ድገም፦ ቁጥሩ ከወጣ ፋሻ ነው፣ ባለበት ከቀረ ቫልቮላ ወይም ጓርኒሲዮን (የቴስታታ ማሸጊያ) ነው።


ጋሽ_ቴስታታ

ካንዴላ ያለው ትክክል ነው። የቫኩም ገጅ ላይም ያው ስህተት ይሠራል። ባሕር ጠለል ላይ ሚኒሞ ሲሆን ከ18 እስከ 20 ኢንች የሚያሳይ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከ11 እስከ 13 ነው የሚያሳየው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ገደማ ይወርዳል። እዚህ አገር 12 አይተው «ቫልቮላ አይዘጋም» ብለው ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) የሚያወርዱ ሞልተዋል። ከቁጥሩ ይልቅ መርፌውን ተመልከት፦ ዝም ብሎ ከቆመ ደህና ነው፣ በየተራ ዘንበል ቀና ካለ አንዱ ቫልቮላ ጋ ሂድ።


ሚኒሞ

እሺ፣ ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ አታዘበራርቀው፦ መጀመሪያ የሚጎትታት ነገር (ፍሬንና ጎማ)፣ ቀጥሎ ሙቀት (ቴርሞስታት)፣ ቀጥሎ የቫልቮላ ክፍተት፣ ቀጥሎ እሳት፣ ካርቡራተር መጨረሻ። ሁሉም ሰው በካርቡራተር ነው የሚጀምረው። እሳቱ ሳይስተካከል የተስተካከለ ካርቡራተር እሳቱ በተስተካከለ ማግስት እንደገና ይበላሻል።

እሳቱ ላይ ረዘም ልበል፤ ባለ ፑንቲና መኪና ላይ ሳይታወቅ ቤንዚን የሚያልቀው እዚህ ነው።

ፑንቲና። ክፍተቱ 0.45 ሚሊ ሜትር፣ ድዌል (ፑንቲናው ተዘግቶ የሚቆይበት ዙር) 52 ዲግሪ። የዲስትሪቢዩተሩ ጉብታ ፑንቲናውን ሙሉ በሙሉ ከፍቶት እያለ ነው የሚለካው። አንዱ ፊት ጉድጓድ ሌላው ጉብ ካለ ኮንደንሰሩ ልኩ አይደለም፣ አብረህ ቀይር። የድሮውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መመለስ ለሳምንት ነው የሚያገለግለው። የሚረሳው ነገር ቅባት ነው፦ የፑንቲናው ፋይበር የሚነካበት ጉብታ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ግሪስ። ደረቅ ከሆነ ፋይበሩ ይበላል፣ ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱም ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይዘገያል። ሹፌሩ የሚሰማው «ጉልበቷ ቀነሰ» ብቻ ነው፤ እግሩን ይጨምራል፣ ቤንዚኑ ይሄዳል።

ኮይል። የመጀመሪያው ኮይል ከውጭ ሬዚስተር ጋር ነው የሚሠራው፣ የራሱ ሬዚስታንስ 1.5 ኦም ገደማ ነው። ሬዚስተሩን ዘለው በቀጥታ ያገናኙት ከሆነ ፑንቲናው ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል። በተቃራኒው 3 ኦም ኮይል ገዝተው ሬዚስተሩን ሳያወጡ ከተዉት እሳቱ ደካማ ይሆናል፣ ብርቱካናማና ቀጭን። ሁለቱም አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ የሚታዩ ናቸው።

የካንዴላ ገመድ። እያንዳንዱ ከ25 ኪሎ ኦም በታች መሆን አለበት። ማታ ጨለማ ቦታ ላይ ኮፈኑን ክፈትና ሞተሩን አስነሳ፤ ሰማያዊ ብልጭታ በገመዱ ላይ ሲሮጥ ካየህ ገመዱ አልቋል።

ካንዴላ። ሙቀቱ ኤንጂኬ 5 ወይም ዴንሶ 16፣ ክፍተቱ 0.8 ሚሊ ሜትር።

ቫኩም። በዲስትሪቢዩተሩ ጎን ያለችው ክብ ቆርቆሮ ውስጥ ስስ ጎማ አለ። ከካርቡራተር የሚመጣውን ቱቦ ንቀልና በአፍህ ሳብ፦ ክዳኑን ከፍተህ ካየህ ውስጡ ያለው ሳህን መዞር አለበት፤ በምላስህ ስትዘጋውም ባለበት መቆየት አለበት። አየር ዝም ብሎ የሚገባ ከሆነ ጎማው ተቀዷል። በቀስታና በልኩ በሚነዳበት ጊዜ፣ ማለትም አብዛኛውን የከተማ መንገድ፣ እሳቱን ወደ ፊት የሚያመጣው ይሄ ነው። የተቀደደ ሆኖ የተገኘ መኪና ሙሉ ቀን እሳቱ ዘግይቶ ነው የሚሠራው።

ታይሚንግ። ፑንቲና ከተስተካከለ በኋላ ብቻ፣ ምክንያቱም ክፍተቱ ሲለወጥ ታይሚንጉም ይለወጣል። ብዙዎቹ 4ኬ 8 ዲግሪ ናቸው፣ ኮፈኑ ስር የተለጠፈው ወረቀት ካለ እሱን እመን። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቃጠሎው ይዘገያል፤ 3 ወይም 4 ዲግሪ ወደ ፊት ጨምርለት። ከዚያ በ4ኛ ማርሽ፣ 40 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ዳገት ላይ ሙሉ ርገጥ። ለአፍታ ትንሽ ኩርፍ ብሎ ዝም ካለ ልኩ ነው፤ ጠጠር በቆርቆሮ እንደሚንቋቋ መጮኹን ከቀጠለ 2 ዲግሪ መልስ።


ወጣቱ_መካኒክ

ለምን ይሄ ሁሉ? ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን አስገባና ፑንቲናውን እርሳው።


ሚኒሞ

ጥሩ ነው፣ አልከለክልም። ግን የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ከተንጓጓ ኤሌክትሮኒክም አያድነውም፤ ሮተሩን በሁለት ጣት ያዝና ወደ ጎን ነቅንቅ፣ ከተንቀሳቀሰ መጀመሪያ ቡሹ ይቀየር። የተቀደደ ቫኩምም ከኤሌክትሮኒኩ ጋር እንደተቀደደ ይቀጥላል። ደግሞ ፑንቲና ሲበላሽ መንገድ ዳር በካርቶን ቁራጭ ተጠርጎ ቤት ያደርሳል፤ ሳጥኑ ሲቃጠል ግን ክሬን ነው።


ባለ_ዲኤክስ

ዛሬ ያየሁት፦ ቫኩሙ ተቀዷል፣ አየር በነጻ ያስገባል። አራቱም ካንዴላዎች ደረቅ ጥቁር ናቸው፣ የድስት ቂጥ ነው የሚመስሉት። የቴርሞስታቱን ቤት ስፈታ ውስጡ ባዶ ነው፣ ቴርሞስታት የለም። ሙቀት ማሳያው ሁልጊዜ ታች ነው የሚቆየው፣ እኔ ደግሞ ጥሩ መስሎኝ ነበር። የቤንዚን ሽታም አለ፣ ከየት እንደሆነ አልገባኝም። የሮከር ክዳኑን ስከፍት ሮከሮቹ ላይ ማስተካከያ ቪቴና ዳዶ አለ።


ጋሽ_ቴስታታ

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የቆየ በሽታችን ነው። «አገራችን ሞቃት ስለሆነች አያስፈልግም» ይላሉ፤ ሐምሌ ላይ አዲስ አበባን ያየ ሰው እንዲህ አይልም። 4ኬ 82 ዲግሪ ላይ የሚከፍት ቴርሞስታት ነው የሚፈልገው። ከሌለ ውሃው ሳያቋርጥ ስለሚዞር ሞተሩ 60 እና 65 ዲግሪ ላይ ይውላል። በዚያ ሙቀት ቤንዚኑ በደንብ አይተንም፣ በማኒፎልዱ ግድግዳ ላይ ጠል ሆኖ ይቀራል፣ ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ዘይቱን ያጥባል። ካርቡራተሩን የሚያስተካክለው ሰውም ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ስለሚያስተካክል ቤንዚን ይጨምራል። እና ፋሻ የሚያልቀው በዚህ ነው።

አዲሱን ከመግጠምህ በፊት ድስት ውስጥ ውሃ ሞልተህ በክር አንጠልጥለው፤ ቴርሞሜትር ካለህ የሚከፍትበትን እይ። አንድ ነገር ግን እወቅ፦ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ነው፣ 100 አይደለም። ድስቱ ሲንተከተክ ቴርሞስታቱ ገና በሙሉ ካልተከፈተ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ጤነኛ ባለ 0.9 ክዳን ውስጡን ግፊት ስለሚይዝ የመፍያው ነጥብ እዚህ ከፍታ ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ጎማው የደረቀ ክዳን ካለህ ግን ውሃህ በ92 ይፈላል። «ቴርሞስታት ስገጥም ፈላችብኝ» የሚለው ስሞታ አብዛኛው የክዳን ስሞታ ነው። ክዳኑ ከቴርሞስታቱ ይረክሳል፤ አብረህ ቀይር። ማኒኮቶዎቹንም (የውሃ ቱቦዎቹን) ጨመቅ ጨመቅ አድርጋቸው፤ ጠንካራና የተሰነጠቀ ወይም እንደ ሊጥ የለሰለሰ ካለ ይውጣ።

ቫልቮላውን በተመለከተ፣ ማስተካከያ ቪቴ ካለው ሞተሩ ሙቅ ሆኖ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር። ቪቴ የሌለው ሮከር ያለው 4ኬ በዘይት ግፊት ራሱን የሚያስተካክል ነው፣ አትንካው። አቀጣጠሉ 1-3-4-2 ስለሆነ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ የ4ኛው ሲሊንደር ሁለት ቫልቮላዎች ሲቀባበሉ (አንዱ ሊዘጋ ሌላው ሊከፈት ሲል) የ1ኛውን ሁለቱንም አስተካክል። 3ኛው ሲቀባበል 2ኛውን፣ 2ኛው ሲቀባበል 3ኛውን፣ 1ኛው ሲቀባበል 4ኛውን። መለኪያዋ ላሜራ ስትሳብ ቅቤ ውስጥ እንዳለ ቢላዋ በትንሹ ይዛ መሄድ አለባት። የሚንኳኳ ቫልቮላ አስጠሊ ነው እንጂ አይጎዳም፤ ዝም ያለው ነው የሚፈራው፣ በተለይ ማስወጫው፣ ምክንያቱም በደንብ ካልተዘጋ ይቃጠላል።


ካንዴላ

የቤንዚኑን ሽታ ዛሬውኑ ፈልግ። መጀመሪያ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተህ አሽትት። በሞተሩ ጎን ያለችው የቤንዚን ፖምፓ ውስጧ ጎማ አለ፤ ጎማው ሲቀደድ ቤንዚን ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። ምልክቱ ዘይቱ ሳይጨመርበት መጠኑ ከፍ ማለቱና ቤንዚን ቤንዚን መሽተቱ ነው። እንዲህ ከሆነ አትንዳት፤ ፖምፓው ይቀየር፣ ዘይቱም ከፊልትሮው ጋር ይቀየር፣ ከፊልትሮው ጋር 3.5 ሊትር ይወስዳል። የቀጠነ ዘይት ብሮንዚን ይበላል፣ ያን ጊዜ ነው በእውነት ሞተር የሚወርደው።

ዘንጉ ካልሸተተ የጎማ ቱቦዎቹን በእጅህ እጠፋቸው። የተሰነጠቀ ካለ ቀይር፣ በቤንዚን ቱቦ እንጂ በውሃ ቱቦ አይተካም፤ የውሃው በሳምንት ውስጥ ያብጣል።


ባለ_ዲኤክስ

ዘንጉ አይሸትም፤ ካርቡራተሩ ስር ያለው ቱቦ ተሰንጥቆ ነበር፣ ተቀየረ። ቫኩም፣ ቴርሞስታት፣ ክዳን፣ ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ ካንዴላ ገብተዋል። ታይሚንግ 12 ላይ ነው፣ አይንኳኳም። ዳገት ላይ በ3ኛ መሳብ ጀምራለች። ካንዴላዎቹ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላም ጥቁር ናቸው። አሁን ካርቡራተር?


ሚኒሞ

አሁን ካርቡራተር።

ከመፍታትህ በፊት ሳትፈታው የምታያቸው ነገሮች አሉ። የአየር ፊልትሮውን አንሳና ሞተሩ ሙቅ እያለ የቾኩን ሳህን እይ፤ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ትንሽ እንኳ ጋደል ካለ ገመዱ አልተመለሰም ማለት ነው፣ ይሄ ብቻውን ጥቁር ካንዴላ ያደርጋል። ቁልፉን ከፈት ዘጋ ስታደርግ ካርቡራተሩ ላይ ያለችው ሶሌኖይድ «ጠቅ» ማለት አለባት፤ ዝም ካለች ሚኒሞ አይኖርም፣ ሰውም ሚኒሞ ለማግኘት ስሮትሉን ከፍ አድርጎ ያስራል። ከፊት ለፊት ትንሽ የመስታወት መስኮት አለች፣ መሐሏ ላይ ነጥብ፤ ሞተሩ እየሠራ ቤንዚኑ ነጥቧ ላይ መሆን አለበት። ከነጥቧ በላይ ከሆነ ተንሳፋፊው ተጣሟል ወይም መርፌዋ አትዘጋም።

ስትፈታው ግን ልብ የምትልበት ቦታ ፓወር ፒስተኑ ነው። እርሳስ የምታህል ትንሽ ፒስተን ናት። ሞተሩ በቀላሉ ሲሠራ ቫኩም ወደ ላይ ይዟት ተጨማሪ ቤንዚን ይዘጋል፤ ስትረግጥ በሞላዋ ወርዳ ይከፈታል። በቆሻሻና በደረቀ ቤንዚን ስትጣበቅ ተከፍታ ትቀራለች፣ መኪናዋም ዳገት ላይ እንዳለች ሆና ሜዳ ላይ ትጠጣለች። በጣትህ ስትጫናት ያለ ምንም መያያዝ ገብታ መመለስ አለባት። ጥላሸት ካንዴላ ካላቸው 4ኬዎች መጀመሪያ እዚህ ነው የምፈልገው። በካርቡራተር ማጽጃ እጠባት፣ አታሸምጥጣት።

ከታጠበ በኋላ የሚኒሞ ቅልቅል፦ ቪቴውን ቀስ ብለህ እስኪዘጋ፣ ከዚያ 2 ዙር ተኩል ክፈት። ሞተሩ ሲሞቅ ዙሩ ከፍ የሚልበትን ቦታ ፈልግ፤ በስሮትሉ ቪቴ በደቂቃ ወደ 800 ዙር አምጣው፤ አሁን የቅልቅሉን ቪቴ ዙሩ በ50 እስኪቀንስ ዝጋ። እዚያ ተወው።


ካንዴላ

ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ እንኳ ፋብሪካው ያስገባው ጂግለር (ቤንዚን በልክ የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ቪቴ) ለዚህ ከፍታ ትልቅ ነው። የአየሩ ክብደት ወደ 76 በመቶ ሲወርድ ካርቡራተር የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው ልክ አይወርድም፤ ቅልቅሉ ወደ 15 በመቶ ይወፍራል። ለዚህ ነው እዚህ የሚነዳ የካርቡራተር መኪና ሁሉ ካንዴላው ጠቆር የሚለው። ዋናው ጂግለር ላይ ያለው ቁጥር የቀዳዳው ዲያሜትር ነው፤ 100 ካለ 1.00 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በ95 ቀይረው። የቀዳዳው ስፋት በአሥር በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ አሁንም ትንሽ ወፍራም ነው፣ ግን አያቃጥልም።

ጂግለር ውስጥ የመዳብ ክር የሚያስገቡ አሉ። አታድርገው፤ ክሩ ሲላቀቅ ወይ ቀዳዳውን ይደፍናል ወይ ይጠፋል፣ ሁለቱንም መንገድ ላይ ነው የምታውቀው። በመርፌ የተጎረጎረ ጂግለርም አትግዛ፣ ወደ ብርሃን ይዘህ እይ፤ ቀዳዳው ፍጹም ክብ ካልሆነ ተወው።


አዳማ_መንገድ

ይሄን ምክር የሚያነብ ሁሉ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ አይነዳም። ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው 95 ጂግለርና 12 ዲግሪ ይዞ ቢሄድ ፒስተን ይበሳል። ጥንቃቄ ሳይነገር ቁጥር መስጠት ልክ አይደለም።


ካንዴላ

ስጋትህ ትክክል ነው፣ ቁጥሩን ግን አብረን እንየው። አዳማ 1,650 ሜትር አካባቢ ናት፤ በ100 ጂግለር እዚያ ቅልቅሉ 10 በመቶ ወፍራም ነው፣ በ95 ደግሞ ፋብሪካው ያሰበው ቦታ ላይ ይወድቃል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ላይ 2 ወይም 3 በመቶ ይቀጥናል፤ ይሄ ፒስተን አይበሳም። ታይሚንጉ ነው የሚያሰጋው፤ በሙቀቱና በወፍራሙ አየር ይንኳኳል። ስለዚህ ከአዋሽ በታች የሚወርድ ሰው ዲስትሪቢዩተሩን ወደ 8 ይመልሰው፤ ቤቱ ላይ በቀለም ሁለት መስመር ብታሰምር በአንድ ቁልፍ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ባሕር ዳርቻ ድረስ፣ ጅቡቲ ለምሳሌ፣ ከሆነ ግን ጂግለሩም 100 ይመለስ።


ነገረ_ጎማ

ሞተር ሞተር ስትሉ የሚጎትታትን ረሳችሁ። ሚኒሞ በአንድ መስመር ነው ያለፈው።

ክሪክ አስገባና እያንዳንዱን ጎማ በእጅህ አዙር። ከፊት ዲስኩ በትንሹ ሽው ቢል ደንብ ነው፤ ተዟዙሮ መቆም አለበት። ገፍተኸው ወዲያው ከቆመ ካሊፐሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ዝጓል። ከኋላ ታምቡሩን ስታወልቅ ሸራው አንድ በኩል ብቻ ከተበላ ማስተካከያው ተጣብቋል። ሌላ መፈተኛ፦ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ፍሬን ብዙም ሳትነካ ነድተህ ቁምና የእጅህን ጀርባ ወደ ቸርኬው መሐል አስጠጋ፣ አትንካው። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ከሞቀ ቤንዚንህን እሱ እያሞቀበት ነው። የእጅ ፍሬን ገመዱም ሳይላቀቅ የሚቀር ብዙ ነው።

የፍሬን ዘይቱ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ካላወቅክ ቀይረው። ውሃ ይስባል፤ ውሃ ያለበት ዘይት የዓባይ በረሃን ስትወርድ ይፈላል፣ ፔዳሉም ወለል ላይ ይቀራል። ይሄ ቁጠባ አይደለም፣ ግን ርካሽ መኪና ላይ መጀመሪያ የሚዘለለው ይሄ ነው።

ጎማው 155 በ13 ነው። ነፋሱን ከ28 እስከ 30 ፒኤስአይ አድርግ፣ ጠዋት ሳትነዳ ለካ። 175/70 በ13 ብትገጥም ዙሩ ያው ነው ማለት ይቻላል፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው አይሳሳትም። 165/80 ግን ወደ 3 በመቶ ትልቅ ስለሆነ ቆጣሪው ከሄድከው በታች ያሳያል። ጎማው ጠርዙ ላይ እንደ መጋዝ ከሻከረ አላይመንት፤ ከዚያ በፊት ግን ቴስቲናና ጎሚኒ (የመሪው መገጣጠሚያዎችና የእግሩ ጎማዎች) ይታይ፣ የተንጓጓ ቴስቲና ላይ የተሠራ አላይመንት ገንዘብ መጣል ነው።


ብልሁ_ነጂ

ቤንዚን ቱቦው ላይ የሚገጠም ማግኔት አለ፣ 30 በመቶ ይቆጥባል ይላሉ። ሞክራችሁታል?


ጋሽ_ቴስታታ

ማቀዝቀዣህ ላይ ለጥፈው።


ደረጃ_ሁለት

እኔ የምለው፣ ለምን 5ኬ አያስገባም? ያው የኬ ቤተሰብ ሞተር ናት፣ 1,486 ሲሲ ነው፣ የ4ኬ 1,290። በትንሽ ርግጫ ትሄዳለች።


ካንዴላ

ትገባለች፤ ወንድማማች ሞተሮች ናቸው። ግን በሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ይለወጣል። ሳታስመዘግብ ከገጠምክ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ ቁጥሩ አይገጥምም፣ ስትሸጥም ገዢው ይሄን ይዞ ዋጋ ይሰብርሃል። ያገለገለ ሞተር ደግሞ ኮምፕረሽኑን ለክቶ የሚሸጥልህ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ለክቶ ያሳየህ ከሆነም የመጽሐፉን ቁጥር በ0.76 ማባዛቱን አትርሳ። ለዕለት ሥራ ጤነኛ 4ኬ ያለው ሰው አያስፈልገውም።


መለዋወጫ_ተራ

ሶማሌ ተራ ለምትሄዱ። በመጀመሪያ ሞተሩ እንዴት እንደተቀመጠ እወቁ። «ዲኤክስ» ሲባል ሁለት የተለያየ መኪና ነው፦ ሞተሩ ቁመቱን የተቀመጠና በኋላ ጎማ የሚገፋው ኬኢ70፣ ሞተሩ አግድም የተቀመጠና በፊት ጎማ የሚስበው ቀጣዩ ኮሮላ። «የዲኤክስ ስጠኝ» ብቻ ያለ ሰው ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ።

አዲስ ብቻ የሚገዛ፦ ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ ካንዴላ፣ ቴርሞስታት፣ የራዲያተር ክዳን፣ የፍሬን ጎማዎች፣ ፓራሊዮ፣ ቱቦ። ያገለገለ ሊገዛ የሚችል፦ ካርቡራተር፣ ዲስትሪቢዩተር፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ በር፣ መብራት። ያገለገለ ካርቡራተር ስትመርጡ የስሮትሉን ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁ፤ ከተንጓጓ በዚያ ክፍተት አየር ይስባል፣ ሚኒሞ በጭራሽ አይያዝም። መኪናው ላይ ያለው ራሱ እንዲህ መሆኑን ለማወቅ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሆኖ በመርፌ (ስሪንጅ) ጥቂት ውሃ ዘንጉና የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ላይ ንፉ፤ ሞተሩ ለአፍታ ከተወላከፈ አየር የሚገባው እዚያ ነው። በቤንዚን የሚሞክሩ አሉ፤ እሳት ያስነሳል፣ ተዉት።

በየካቲት 2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ከጣለ ወዲህ አሮጌ መኪና የያዘ ሁሉ ይዟል፤ ስለዚህ ለኬኢ70 የሚሆን ንጹሕ ዕቃ ስታገኙ ነገ እመጣለሁ አትበሉ።


ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ላላችሁ፦ የካርቡራተር ጥገና ኪት (ጓርኒሲዮን፣ መርፌ፣ የፖምፓ ጎማ)፣ ቫኩምና ቁጥር የተጻፈበት ጂግለር ሁሉም ተደምሮ ከግማሽ ኪሎ አይበልጥም። አሜሪካ የተሸጠው ኮሮላ ግን ሞተሩ ሌላ፣ በአብዛኛው 3ቲ ነው፤ በሞዴል ዓመት ካዘዛችሁ የማይሆን ኪት ይመጣል። በሞተር ስም፣ በ4ኬ፣ እዘዙ፤ የካርቡራተሩን ፎቶ ከሦስት አቅጣጫ ላኩ።


ባለ_ዲኤክስ

ፓወር ፒስተኑ ተጣብቆ ነበር! ሚኒሞ፣ በጣቴ ስጫነው አልገባም። ታጥቦ ገባ፣ 95 ጂግለርም ገባ። የቀኝ የኋላ ታምቡር ይይዝ ነበር፣ ተስተካክሏል። አሁን ቤንዚኑን በትክክል እንዴት ልለካ? ገጁ አይታመንም።


ነገረ_ጎማ

ገጁን ተወው። አንድ ማደያ፣ አንዱ ማሽን፣ ማሽኑ ራሱ «ጠቅ» ብሎ እስኪያቆም ሙላ፣ ከዚያ በላይ አታስጨምር። ቆጣሪውን ጻፍ። ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ነድተህ እዚያው ማሽን ላይ እንደገና እስኪያቆም ሙላ፤ የሄድከውን ለገባው ሊትር አካፍል። ከ300 በታች ከሆነ የአንድ ሊትር ስህተት ብዙ ያዛባል። በፊት ደግሞ ስልክህ ላይ በጂፒኤስ 10 ኪሎ ሜትር ነድተህ ቆጣሪህ ስንት እንዳለ አነጻጽር፤ 9.6 ካለ የሚወጣውን ሁሉ በዚያ አስተካክል።

በከተማ ጤነኛ 4ኬ በሊትር ከ10 እስከ 12 ይሄዳል። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ከነዳህ ከ7 ወደ 11 መውጣት 143 ሊትርን ወደ 91 ያወርዳል።


ባለ_ዲኤክስ

318 ኪሎ ሜትር፣ 29.4 ሊትር። ቆጣሪው በጂፒኤስ ልክ ነው። በሊትር 10.8 ማለት ነው። ካንዴላዎቹ 1፣ 2 እና 4 በሶ መስለዋል፤ 3ኛው ግን አሁንም ጠቆር ብሎ እርጥብ ነው፣ ጥላሸት ሳይሆን ዘይት ዘይት ይላል።


ጋሽ_ቴስታታ

3ኛው ኮምፕረሽኑ 127 ስለነበር ፋሻ አይደለም። የማስገቢያ ቫልቮላው ጎማ ደርቋል። ጠዋት ስታስነሳ ለአፍታ ሰማያዊ ጭስ ታያለህ? ካየህ እሱ ነው። ቴስታታ ሳይወርድ ይቀየራል፦ ሁለቱም ቫልቮላዎች ተዘግተው ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ጫፍ ሳይደርስ አቁመው፣ በካንዴላው ቀዳዳ ቀጭን የናይለን ገመድ አስገብተህ ሙላው፣ ጫፉን ውጭ ተወው፣ ሞተሩን በእጅ በትንሹ አዙረህ ፒስተኑን ከፍ በማድረግ ገመዱ ቫልቮላውን እንዲደግፈው አድርግ። ከዚያ ሞላውን ጨምቀህ አውጣ። ጎማዋ ከሳንቲም ዋጋ አትበልጥም። አንዱ ሲሊንደር ላይ እየሠራህ ሌሎቹንም ሦስቱን ቀይር፣ ያው ዕድሜ ናቸው።


ባለ_ዲኤክስ

አዎ፣ ጠዋት ትንሽ ሰማያዊ አለ። ገመዱ ስንት ሚሊ ሜትር ይሁን?


ጋሽ_ቴስታታ

5 ወይም 6። የሚፈታታ የክር ገመድ አይሁን፣ ክሩ ውስጥ ይቀርብሃል።